አንድ ድንጋይ፥ ሩቅ ብርሃን

በአገራችን ጨለማ ድንገተኛ ነው። ወደ ሰሜን እጅግ ርቀው ባሉ አገሮች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የሌሊቱም ርዝመት በበጋና በክረምት በጣም ይለያያል። እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙ የራቅን አይደለንምና፥ ዓመቱን በሙሉ ሌሊታችን ከ12 ሰዓት ብዙም አያጥርም፥ ብዙም አይረዝምም። ፀሐይዋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ዘቅ ካለች በኋላ፥ ጥቂት ቆይቶ ዐይን ቢወጉ የማይታይበት ጨለማ ይሆናል። እንግዲህ የማታ ትምህርቱን ጨርሶ በ3 ሰዓት ወደ ቤቱ የሚያዘግም ተማሪ፥ ወይም አዲስ ተመድቦ ወደ ወረዳ የወረደ ጀማሪ ሠራተኛ፥ ከዚህ ጨለማ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በከተማም ቢሆን «መብራት ሄደ» የሚለው ቃል ለማንም እንግዳ አይደለም።

«ስልኬ መብራት አለው፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» የሚሉ ይኖራሉ። የስልክ መብራት መልካም ነገር ነው፤ የበር ቁልፍ ለመፈለግና ደብተር ለማንበብ ይበቃል። ዳሩ ግን ብርሃኑን የሚሰበስብለት መስተዋት ስለሌለው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይበተናል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላም ይደክማል። ነገሩን በሰኮንድ እናስላው። ፈጣን ውሻ በአንድ ሰኮንድ ወደ 10 ሜትር ይሮጣል። መብራትዎ የሚያሳይዎ እስከ 10 ሜትር ብቻ ከሆነ፥ ለማሰብ የተሰጠዎ ጊዜ አንድ ሰኮንድ ነው ማለት ነው። እስከ 100 ሜትር የሚያሳይ ከሆነ ግን 10 ሰኮንድ አለዎት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መቆም፥ መመለስ፥ ድምፅ ማሰማት፥ ወይም ወደ ሰው ቤት መጠጋት ይቻላል። በዚያ ላይ የውሻም ሆነ የጅብ ዐይን በውስጡ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን አለው፤ ስለዚህ ገላው ሳይታይ ዐይኑ አስቀድሞ ከሩቅ ያበራል። ሩቅ የሚደርስ ብርሃን የያዘ ሰው ይህን ምልክት በጊዜ ያያል፤ ያልያዘ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆንበታል።

በዚህ ምክንያት የዛሬው ዓምዳችን ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ይሆናል፤ ይኸውም አንድ ድንጋይ ብቻ የምትጎርስ፥ በኪስ የምትያዝ፥ ብርሃኗ ግን ሩቅ የሚደርስ የእጅ ባትሪ ናት። ቃላቱ እንዳይምታቱብን፥ እንደ ገበያው ልማድ መብራቱን በሙሉ «ባትሪ»፥ በውስጡ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ» እያልን እንጠራለን።

የእጅ ባትሪ ከ120 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዴቪድ ሚሰል የተባለ የፈጠራ ሰው በቱቦ ውስጥ ድንጋይ ለተደረደረበት የእጅ መብራት በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1899 እ.ኤ.አ. ነበር። የዚያ ዘመን ድንጋይና አምፖል ደካሞች ስለነበሩ፥ ሰው መብራቱን ለአንድ አፍታ ብልጭ እያደረገ ያጠፋው ነበር፤ የእንግሊዝኛው ስሙም ከዚሁ ብልጭታ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን አባቶቻችን የሚያውቁት ባትሪ ሁለት ወይም ሦስት ወፍራም ድንጋይ የሚጎርሰው፥ እንደ ዱላም የሚከብደው ነበር።

ለምን አንድ ድንጋይ አልበቃውም ነበር? ምክንያቱ ቀላል ነው። አንዱ ደረቅ ድንጋይ የሚሰጠው 1.5 ቮልት ብቻ ነው፤ አምፖሉ ግን ደኅና አድርጎ እንዲግል ከዚያ የበለጠ ይፈልግ ነበርና ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ይቀጣጠሉ ነበር። ዛሬ ግን ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛው፥ በጋለ ሽቦ ፋንታ «ኤል ኢ ዲ» የሚባለው የብርሃን ፍሬ መጥቷል። ቀዩ ፍሬ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተሠራ፤ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው ፍሬ ያስፈልግ ነበርና፥ ብሩህ ሰማያዊ ፍሬ እስኪገኝ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጠበቅ ግድ ሆነ። ለዚህ ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሁለተኛው ለውጥ እየተሞላ የሚሠራው የሊትየም አዮን ድንጋይ ነው፤ ይህም በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ነጩ ፍሬ የሚፈልገው ወደ 3 ቮልት ያህል ነው፤ አንዱ የሊትየም ድንጋይ ደግሞ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ለአንዱ እንደ ልክ ልብስ ሆነለት ማለት ነው።

አንድ ድንጋይ መሆኑ ከማቅለሉ ሌላ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ሁለት ድንጋይ ሲቀጣጠል፥ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ፥ ብርቱው ደካማውን ከዐቅሙ በታች እንዲወርድ ያደርገዋል። በተራ ድንጋይ ይህ ማፍሰስና መበላሸትን ያመጣል፤ በሊትየም ድንጋይ ደግሞ እሳት እስከ ማስነሣት ሊደርስ ይችላል። ድንጋዩ አንድ ከሆነ ግን የሚጣላው ጎረቤት የለውም። በዚያ ላይ የሚሞላ አንድ፥ የሚገዛ አንድ፥ ለመጠባበቂያም የሚያዝ አንድ ነው። ደመወዙን ቆጥሮ ለሚያድር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው «ይህ ስንት ሉመን ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ትልቁን ቁጥር ያሳየዋል። ሉመን ማለት ከባትሪው አፍ የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላው ሲለካ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም። ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ የሚናገረው ካንዴላ የሚባለው መለኪያ ነው። አንድ ካንዴላ በግምት የአንድ ሻማ ብርታት ነው።

የሁለቱን ልዩነት በገበሬ ሥራ እንመስለው። አንድ ቁና ጤፍ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ቢዘራ፥ ቡቃያው እዚህም እዚያም ይሆናል፤ ያው አንድ ቁና በጓሮ መደብ ላይ ቢዘራ ግን መሬቱን ይሸፍነዋል። ጤፉ አልጨመረም፤ የተሰበሰበበት ቦታ ነው የጠበበው። ሉመን የጤፉ ብዛት ነው፤ ካንዴላ ግን በአንዱ ቦታ ላይ የወደቀው ጥግግት ነው። ሩቅ የሚያደርሰውም የብርሃን ብዛት ብቻ ሳይሆን መሰብሰቡ ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ አንባቢ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ «ኤፍ ኤል 1» የሚባል የእጅ ባትሪ መለኪያ ደንብ ወጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት፥ የባትሪ ርቀት የሚባለው ብርሃኑ ወደ ሩብ ሉክስ እስኪወርድ ድረስ ያለው ርቀት ነው፤ ይህም በጠራ ሰማይ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ማለት ነው። ሒሳቡ ለተማሪ አስቸጋሪ አይደለም፤ የካንዴላውን ቁጥር ካሬ ሥር ይፈልጉና በ2 ያባዙት። ለምሳሌ 2,500 ካንዴላ የሆነ ባትሪ፥ ካሬ ሥሩ 50 ነውና 100 ሜትር ይደርሳል። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር፥ 22,500 ካንዴላ 300 ሜትር፥ 40,000 ካንዴላ ደግሞ 400 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ርቀቱን ሁለት እጥፍ ለማድረግ ብርታቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ «ሁለት እጥፍ ሉመን አለው» የተባለው ባትሪ፥ የተቀረው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ ርቀቱ የሚጨምረው ከግማሽ ባነሰ ነው።

ደግሞም በሙሉ ጨረቃ ብርሃን ሰው መኖሩ ይታያል እንጂ፥ ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ 200 ሜትር የሚል ቢያዩ፥ ነገሩን ለይተው የሚያውቁት በ100 ሜትር ግድም ነው ብለው ይገምቱ፤ በዚያ ርቀት ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናልና። ለእግረኛ መንገድ ይህ ይበቃል። 10,000 ካንዴላ ያህል ያላት የኪስ ባትሪ ያገኘ ሰው ጥሩ ዕቃ አግኝቷል፤ ከዚህ በላይ መፈለግ ሜዳና ገደል አሻግሮ ማየት ሥራው ለሆነ ሰው ነው።

ብርሃኑን የሚሰበስበው ምንድን ነው? በፍሬው ዙሪያ ያለው የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ መስተዋት፥ ወይም ከፊቱ ያለው ወፍራም ሌንስ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይወስናሉ። አንደኛው የባትሪው አፍ ስፋት ነው። ፍሬው ያው ሆኖ የመስተዋቱ ስፋት ከ2 ሳንቲ ሜትር ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ፥ ብርታቱ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ርቀቱም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሩቅ የሚያበሩት ባትሪዎች ራሳቸው ትልቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጌጥ አይደለም። እኛ ግን በኪስ የሚያዝ እንፈልጋለንና፥ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያለው አፍ መካከለኛው መንገድ ነው።

ሁለተኛው የፍሬው ትንሽነት ነው። ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ይመስላል። ሁለት ፍሬዎች እኩል ሉመን ቢሰጡ፥ ሩቅ የሚደርሰው ትንሹ ነው፤ መስተዋቱ ሰፊውን ፍሬ እንደ ሰፊ፥ ጠባቡን እንደ ጠባብ አድርጎ ነውና የሚልከው። ስለዚህ ባትሪው ጠፍቶ ሳለ አፉን ይመልከቱ። ትንሽ ቢጫ ነጥብ በጥልቅና በለስላሳ መስተዋት መካከል ተቀምጣ ካዩ፥ ለሩቅ የተሠራ መሆኑን ይገምቱ። ፍሬው ሰፊ ከሆነ፥ ወይም ሦስት አራት ፍሬ ተደርድሮ ከሆነ፥ ለቅርብ የተሠራ ነው። መስተዋቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥበጥ ያለ ከሆነም፥ ብርሃኑን ለማለስለስ ታስቦ ነው፤ ርቀትን በጥቂቱ ይቀንሳል።

በየሱቁ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ባትሪ ደግሞ አለ፤ ራሱን ሲጎትቱት ብርሃኑ የሚጠብ፥ ሲገፉት የሚሰፋ። ሲጠብ በግድግዳ ላይ የፍሬውን አራት ማዕዘን መልክ ያሳያል፤ ገዢም ይህን አይቶ ይደነቃል። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ከፍሬው የሚወጣው ብርሃን አብዛኛው በባትሪው ራስ ውስጥ ሲቀር፥ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። በተጨማሪም ተንሸራታቹ ራስ ለውሃና ለአቧራ በር ይከፍታል። ዋጋው ዝቅ ያለ ከሆነ ለቤት አይከፋም፤ ለመንገድ ግን ቋሚ መስተዋት ያለው ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የድንጋዩ ምርጫ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚወስነው የሚኖሩበት ቦታ ነው። በግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ድንጋይ፥ ነጋዴዎች «ዳብል ኤ» የሚሉትን ያውቁታል። ይህ በትንሽ ሱቅ ሳይቀር ይገኛል፤ ኃይሉ ግን ጥቂት ነው። «18650» የሚባለው የሊትየም ድንጋይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ልኩን ይናገራል፤ ውፍረቱ 18፥ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በመልካም የተሠራው በ3.6 ቮልት እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 12.6 ዋት ሰዓት ይሆናል። እየተሞላ የሚሠራው ዳብል ኤ 1.2 ቮልት ሲሆን 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዝ፥ ጠቅላላው 2.4 ዋት ሰዓት ነው። አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ በሚገኝበት ከተማ ወይም መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው፥ በስልክ ቻርጀር የምትሞላ ባለ 18650 ባትሪ ብትኖረው ይመረጣል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ የሚሠራ ሰው ግን፥ ከሱቅ የሚገዛውን ዳብል ኤ የምትቀበል ባትሪ ብትሆንለት ይሻላል፤ ርቀቷ ቢያንስም በችግር ጊዜ አትከዳውም። ከሁለቱም ወገን የሚመች ሌላ ዓይነት አለ፤ ዳብል ኤንም፥ «14500» የሚባለውን የሊትየም ድንጋይም የምትቀበለዋ ናት። ሆኖም እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 14500 በመልኩና በልኩ ዳብል ኤን ይመስላል፤ ቮልቱ ግን ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ሳያውቁ ሬዲዮ ወይም ሰዓት ውስጥ ቢከቱት ያቃጥለዋል። ባትሪዋም ሁለቱን እንደምትቀበል በግልጽ ካልተጻፈባት አይሞክሩት።

የድንጋይ ማታለል በገበያ ላይ በዝቷል። በ18650 ላይ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካዩ፥ ውሸት ነው ብለው ይለፉት፤ በዚህ ልክ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ሌላም መፈተኛ አለ። እውነተኛው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ግድም ይመዝናል፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ግን በእጅ ሲይዙት እንኳ ይቀላል። በአቅራቢያው ትንሽ ሚዛን ያለው ሱቅ ካለ፥ ለማስመዘን አይፈሩ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግዴታችን ነው። የሊትየም ድንጋይ ብዙ ኃይል በትንሽ ቦታ የያዘ ነው። ብቻውን በኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ቢደባለቅ፥ ብረቱ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ ሊያቃጥልዎ ይችላል። ልባሱ የተቀደደውን አይጠቀሙበት። ሲሞላም በትራስ ሥር ወይም በፍራሽ ላይ አያስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፥ ሰውም ቤት ውስጥ ይኑር። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ድንጋይ እንዲያመጣልዎ ያዘዙ እንደሆነም፥ ትርፍ የሊትየም ድንጋይ በአውሮፕላን የሚጓዘው ከመንገደኛው ጋር በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳልሆነ አስቀድመው ይንገሩት። ተራውን ዳብል ኤ ደግሞ ባትሪውን ለብዙ ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ከውስጡ ያውጡት፤ ሲያረጅ ያፈስና ሞላውን ይበላዋል።

ስለ ቆይታው እናንሣ። ሣጥኑ «1,000 ሉመን፥ 40 ሰዓት» ሊል ይችላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ላይ ግን አይደለም። ትንሽ ባትሪ በከፍተኛው ብርሃን ሲበራ ቶሎ ይግላል፤ እንዳይቃጠልም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። በዚያው በኤፍ ኤል 1 ደንብ ቢሆን፥ ቆይታ የሚባለው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እርስዎ ራስዎ ይሥሩት። ጥሩ ኤል ኢ ዲ ከአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። 12.6 ዋት ሰዓት የያዘው ድንጋይ፥ በ300 ሉመን፥ ማለት በ3 ዋት፥ ወደ 4 ሰዓት ያበራል፤ በ30 ሉመን ደግሞ ወደ 40 ሰዓት። በ1,000 ሉመን ግን ድንጋዩ ቢችል እንኳ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። «ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት» ይባላልና፥ በሣጥኑ ላይ ካለው ትልቁ ቁጥር ይልቅ የመካከለኛውን ብርሃን ቆይታ ይመርምሩ፤ መንገድዎን የሚጨርሱት በእርሱ ነው።

ዝቅተኛው ብርሃን ለተማሪ ሌላ ጥቅም አለው። መብራት በሄደ ጊዜ ባትሪዋን በብርጭቆ ውስጥ አቁመው አፏን ወደ ነጭ ኮርኒስ ቢያዞሩት፥ ብርሃኑ ከላይ ተመልሶ ክፍሉን በለሰለሰ ሁኔታ ያበራዋል። ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል፤ ሩቅ የሚያበራ ባትሪ ለቅርብ ሥራ አይመችም። መካከሉ ዐይን የሚያጭበረብር፥ ዳሩ የጨለመ ነው። ሌሊትዎ የሚያልፈው በክፍልና በግቢ ውስጥ ብቻ ከሆነ፥ ሰፋ አድርጎ የሚያበራውን ይግዙ፤ ገንዘብዎንም ለማያዩት ርቀት አያባክኑ። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

መርካቶም ሆነ ወረዳ ከተማ ለመግዛት ሲወጡ፥ የሚከተለውን ፈተና ያድርጉ። በመጀመሪያ ሣጥኑን አንብቡልኝ ሳይሉ ራስዎ ያንብቡ። ሉመን ብቻ ተጽፎበት ካንዴላና ሜትር ካልተጻፈበት፥ ስለ ርቀቱ ምንም አልነገረዎትም ማለት ነው። ካንዴላውና ሜትሩ ከተጻፉ ከላይ ያየነውን ሒሳብ ይሥሩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ውሸት ነው። ቀጥሎ የኋላ ክዳኑን ፈትተው ጥርሱን ይዩ፤ በቀላሉ የሚዞርና በውስጡ ጎሚኒ ያለው መሆን አለበት። በሣጥኑ ላይ «አይ ፒ ኤክስ 4» የሚል ካለ ዝናብ ይችላል፤ «አይ ፒ ኤክስ 7» ከሆነ ለግማሽ ሰዓት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ቢወድቅ አይበላሽም። ለክረምታችን የመጀመሪያውም ይበቃል።

ከዚያ ማብሪያውን በአንድ እጅ ይሞክሩት። ሌላው እጅዎ መጽሐፍ ወይም ጃንጥላ ይዞ ይሆናልና፥ በጨለማ በጣት ብቻ ተፈልጎ የሚገኝ ይሁን። አንዳንዱ ባትሪ በተነካ ቁጥር የሚርገበገብ ብርሃን፥ የድረሱልኝ ምልክት፥ ሌላም ሌላም እያፈራረቀ ያስቸግራል። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ሦስት ብቻ ነው፤ ዝቅተኛ፥ መካከለኛና ከፍተኛ። በመጨረሻም ባለሱቁን አስፈቅደው ወደ ጨለማው ጓዳ ወይም ወደ ረጅሙ መተላለፊያ ያብሩት። ሁለት ባትሪ አጠገብ ለአጠገብ ይዘው በአንድ ግድግዳ ላይ ያነጻጽሩ፤ መካከሏ ትንሽ፥ ክብና ብሩህ የሆነችው ርቃ ትደርሳለች። ከተቻለ ሲመሽ ይሂዱ፤ በቀትር ብርሃን የተመረጠ ባትሪ በሌሊት ሊያሳፍር ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ ለመምረጥ አንድ ምሽት ቢያጠፉ አይቆጭም።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንበል። ዐይናችን ጨለማውን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያንን በአንድ አፍታ የሚያጠፋው ከእግር ሥር የተወረወረ ኃይለኛ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሲራመዱ ዝቅተኛውን ይጠቀሙ፤ ከፍተኛውን ድምፅ ሲሰሙ ወይም ከመታጠፊያ ሲደርሱ ብቻ ይተኩሱት። ጉምና አቧራ ባለበት ባትሪውን ከዐይንዎ አጠገብ ሳይሆን ከወገብዎ ዝቅ አድርገው ይያዙ፤ ከጉሙ የሚመለሰው ብርሃን ያን ጊዜ ዐይንዎን ብዙ አይመታም። በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ ሲያስቀምጡ የኋላ ክዳኑን ጥቂት ላላ ያድርጉት፤ በብዙዎቹ ይህ ባትሪው ሳይታሰብ በርቶ ድንጋዩን እንዳይጨርስ፥ ከረጢቱንም እንዳያግል ይከለክላል።

ሥነ ሥርዓትም አለ። ሩቅ የሚደርስ ብርሃን ሩቅ ያለውን ሰው ይመታል። በሰው ፊት ላይ ማብራት በቀን ጣት ከመቀሰር ይብሳል፤ ሽማግሌ ሲያገኙ ወደ መሬት ዝቅ አድርገው «እንዴት አመሹ» ይበሉ። በሚመጣ መኪና ሹፌር ዐይን ላይ መተኮስ ደግሞ ነውር ብቻ ሳይሆን ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ፥ ባትሪ መያዝዎ የማይሄዱበትን መንገድ እንዲደፍሩ አያድርግዎ። ብርሃን አደጋን ያሳያል እንጂ አያስወግድም፤ ጓደኛ ካለ ከጓደኛ ጋር፥ መኪና ካለ በመኪና መሄድ ከማንኛውም ካንዴላ ይበልጣል።

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት ለራስዎ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ። ሌሊት የማየው ነገር በስንት ሜትር ላይ ነው? ድንጋዩ ሲያልቅ የት እሞላዋለሁ፥ ወይም ከየት እገዛዋለሁ? በመካከለኛው ብርሃን መንገዴን ያደርሰኛልን? ለሦስቱ መልስ ያለው ሰው፥ ሻጩ ስለ ሺህ ሉመን ቢያወራለት አይታለልም፤ በአነስተኛ ዋጋም የሚበጀውን ያገኛል። ከገዙም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፥ እሑድ ማታ ቢሆን፥ ድንጋዩን መሙላት ልማድ ያድርጉት፤ ጨለማ ሲመጣ አስቀድሞ አይነግርምና።